«እሺ» እና ኃላፊነት፦ ደቃቅ ቁጥጥርና የሥራ ነጻነት በደሴና በኮምቦልቻ የሥራ ቦታዎች

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ አለቆች በበታች ሠራተኞቻቸው የሥራ ዝርዝር ውስጥ ገብተው እያንዳንዱን እርምጃ የሚወስኑበትን፣ በተለምዶ «ማይክሮማኔጅመንት» የሚባለውን የአመራር ልማድ ይመረምራል። መነሻው በደሴና በኮምቦልቻ ባሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ፋብሪካዎች ያለው የሥራ አደረጃጀት ነው። ዘዴው በታተሙ ጥናቶች፣ በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ እና በተለመዱ የአሠራር ቅጾች ላይ የተመሠረተ ጽንሰ ሐሳባዊ ትንተና ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ ደቃቅ ቁጥጥር በአብዛኛው የሚመነጨው ከአለቃው ጠባይ ሳይሆን፣ ተጠያቂነት በግለሰብ ላይ በወደቀበትና ውሳኔ ወደ ላይ በተከማቸበት ሥርዓት ውስጥ ራስን ከመከላከል ፍላጎት ነው የሚል ነው። ስለሆነም የሥራ ነጻነቱን ማስፋት የሚሻ ሠራተኛ እምነት እንዲጣልበት ከመጠየቅ አስቀድሞ የአለቃውን ስጋት የሚቀንስ አሠራር ማቅረብ ይኖርበታል። ተቋማትም ውሳኔን በጽሑፍ ውክልና ማውረድ ይጠበቅባቸዋል።

ቁልፍ ቃላት፦ ደቃቅ ቁጥጥር፣ የሥራ ነጻነት፣ ተጠያቂነት፣ ውክልና፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻ

1. መግቢያ

ደሴና ኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ የተያያዙ፣ በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ያለ ሁለት ከተሞች ናቸው። የሥራ ዓለማቸው ግን ይለያያል። ደሴ በዋናነት የአስተዳደር፣ የጤና፣ የትምህርትና የንግድ ከተማ ስትሆን፣ ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች እንዲሁም በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ መገኛ ናት። ጠዋት ከአንዱ ወደ ሌላው ለሥራ የሚመላለሰው ሠራተኛ ብዙ ነው። በሁለቱም ከተሞች ግን ከሠራተኛው አንደበት የሚሰማው ቅሬታ ተመሳሳይ ነው፦ «ሥራው የእኔ ነው፤ ውሳኔው ግን የእኔ አይደለም»።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ጥያቄውን ያነሣው ከገጠመኝ ተነሥቶ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቱን ከመጀመሩ በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት በባለሙያነት ሲሠራ፣ ወረዳዎችን ለሥልጠና የሚጠራ የአንድ ገጽ ደብዳቤ አዘጋጅቶ ነበር። ረቂቁ በቡድን መሪውና በኃላፊው መካከል አራት ጊዜ ተመላለሰ። በመጨረሻ የጸደቀው ቃል ከመጀመሪያው ረቂቅ እምብዛም አይለይም ነበር። ደብዳቤው ቲተርና ማኅተም አርፎበት ከመዝገብ ቤት ሲወጣ ግን ሥልጠናው ሊጀመር አንድ ቀን ቀርቶት ስለነበር፣ ራቅ ካሉት ወረዳዎች የመጣ ሠልጣኝ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በአቅራቢው ላይ የታየው ለውጥ ከመዘግየቱ ይልቅ ያሳስባል፤ ረቂቆቹን በግዴለሽነት መጻፍ ጀመረ። «መቀየሩ አይቀርም» በሚል ስሜት ስህተትን አይቶ ማለፍ ልማዱ ሆነ። አለቃውም ስህተቱን ባገኘ ቁጥር ቁጥጥሩ ተገቢ እንደነበር ተረጋገጠለት።

አንድ ገጠመኝ ማስረጃ አይሆንም፤ ጥያቄ ለማንሣት ግን ይበቃል። ቁጥጥር የሠራተኛውን ድክመት ተከትሎ ይመጣልን ወይስ ድክመቱን ራሱ ይፈጥራል? ቁጥጥሩስ ከየት ይመነጫል? ሠራተኛውና ተቋሙ ሊያቃልሉት የሚችሉትስ በምን መንገድ ነው?

2. ጽንሰ ሐሳባዊ ማዕቀፍ

በዚህ ጽሑፍ «ደቃቅ ቁጥጥር» ሲባል የሥራው ውጤት ምን መሆን እንዳለበት ከመወሰን አልፎ፣ ሠራተኛው በችሎታው ሊወስነው የሚችለውን የአሠራር ዝርዝር አለቃው ራሱ በተከታታይ መወሰኑን ያመለክታል። «የሥራ ነጻነት» ደግሞ በተሰጠ ግብና ወሰን ውስጥ መንገዱን፣ ቅደም ተከተሉንና ጊዜውን ሠራተኛው የሚወስንበት ሁኔታ ነው። ነጻነት ማለት ከተጠያቂነት መውጣት አይደለም።

የቅርብ ቁጥጥር ዘመናዊ መሠረት በአብዛኛው የሚያያዘው ከፍሬድሪክ ቴይለር ጋር ነው። ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተመው ሥራው ማሰብን ከማከናወን ለይቶ፣ ማሰቡን ለአስተዳደሩ፣ ማከናወኑን ለሠራተኛው ሰጠ። ዳግላስ ማክግሬገር እ.ኤ.አ. በ1960 ይህ አመለካከት ሰው በተፈጥሮው ሥራን ይሸሻል ከሚል ግምት እንደሚነሣ አሳየ፤ ግምቱ ራሱን የሚያረጋግጥ መሆኑንም ተከራከረ። ሐክማንና ኦልድሃም (እ.ኤ.አ. 1976) ደግሞ የሥራ ነጻነትን ከሥራ ባሕርያት አንዱ አድርገው ያስቀመጡት ለውጤቱ «እኔ ነኝ ተጠያቂው» የሚል ስሜት የሚወለደው ከእርሱ ነው በሚል ነው። በዚህ አገላለጽ መሠረት ውሳኔን ወስዶ ኃላፊነትን መጠየቅ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው።

የቁጥጥሩ ወጥመድ እንዴት እንደሚሠራ ከሚያሳዩ ጥናቶች መካከል የሎይድ ስትሪክላንድ (እ.ኤ.አ. 1958) ሙከራ ይጠቀሳል። በሙከራው አንድ ተቆጣጣሪ ከሁለት ሠራተኞች አንዱን አዘውትሮ፣ ሌላውን አልፎ አልፎ እንዲከታተል ተደረገ። የሁለቱ ውጤት እኩል ነበር። ሆኖም ተቆጣጣሪው ኋላ ላይ ምርጫ ሲሰጠው አሁንም መከታተል የፈለገው አስቀድሞ አዘውትሮ ሲከታተለው የነበረውን ነው፤ እርሱ የሠራው ክትትል ስለነበረበት ነው ብሎ ገምቷልና። ከዚህ የምንረዳው ክትትል እምነትን የሚፈጥር ማስረጃ እንዳይገኝ እንደሚያደርግ ነው። ፎልክና ኮስፌልድም (እ.ኤ.አ. 2006) ባደረጉት ሙከራ ቁጥጥር የተጣለባቸው ተሳታፊዎች ብዙዎቹ ጥረታቸውን ቀንሰው ተገኝተዋል።

ጉዳዩ የስሜት ብቻ አይደለም። ሮበርት ካራሴክ (እ.ኤ.አ. 1979) ከፍተኛ የሥራ ጫና ከዝቅተኛ የመወሰን ዕድል ጋር ሲገናኝ ውጥረት እንደሚበዛ አሳይቷል። በለንደን የመንግሥት ሠራተኞች ላይ የተካሄደው የኋይትሆል ጥናትም በሥራቸው ላይ የመወሰን ዕድላቸው አነስተኛ የሆኑት ለልብ ሕመም ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን ዘግቧል።

3. ቁጥጥሩ ከየት ይመነጫል?

ለጥያቄው የሚሰጠው የተለመደ መልስ «ባህላችን ነው» የሚል ነው። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተሰኘ ጥናቱ በአማራው ኅብረተሰብ ውስጥ ለበላይ መታዘዝና ሐሳብን በተዘዋዋሪ መግለጽ ያላቸውን ቦታ ተንትኗል። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» እና «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚሉት ምሳሌያዊ አነጋገሮችም ይህንኑ የሚደግፉ ይመስላሉ። በእርግጥ «እሺ» የሚለው ቃል በመሥሪያ ቤቶቻችን ሁለት ትርጉም ይይዛል፦ አንዱ «ተስማምቻለሁ»፣ ሌላው «ሰምቻለሁ፤ አልከራከርም» ነው። አለቃው የቱን እንደሰማ ማወቅ ስለማይችል ደግሞ ይከታተላል።

ይሁንና የባህል ማብራሪያው ብቻውን አይበቃም። በዚያው ኅብረተሰብ ውስጥ ያለውን የወሎ ቅሬ እንመልከት። ኀዘን በደረሰ ጊዜ መቃብር የሚቆፍረው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ምግብ የሚያዘጋጀው፣ ለቀስተኛ የሚያስተናግደው ሁሉ ሥራውን ያውቃል። ዳኛው በእያንዳንዱ ላይ ቆሞ አያዝዝም። ደንቡ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ያጓደለ ይቀጣል፤ የገንዘቡ ሒሳብ በአባላቱ ፊት ይቀርባል። በሰኞ ቀን በቢሮው አንዲት ወረቀት ያለ ፊርማ የማያወጣው ሰው እሑድ በቅሬው ውስጥ ብዙ ነገር በራሱ ይወስናል። ስለዚህ ሰዎቹ አንድ ሆነው ሳለ ልዩነቱን ያመጣው የኃላፊነት አደረጃጀቱ መሆን አለበት።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለው አደረጃጀት ሦስት ገጽታዎች አሉት። የመጀመሪያው የግል ተጠያቂነት ነው። ንብረት በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ በሞዴል 22 ወጪ ሲሆን በየደረጃው የፈረመው ሰው በስሙ ይጠየቃል። ለግምጃ ቤትና ለገንዘብ ያዥነት ሥራ ተያዥ ማቅረብ የተለመደ ነው። ለአንድ ደስጣ ወረቀት መጓደል በስሙ የሚጠየቅ ኃላፊ፣ ሥራው ስለ ዘገየ ግን በስሙ የሚጠየቅበት አጋጣሚ እምብዛም አይደለም። በዚህ ሚዛን ሲመዘን ማዘግየት ከመፍቀድ ይልቅ አስተማማኝ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ሲያዳርስ የጤና ተቋማት፣ ዩኒቨርሲቲውና ፋብሪካዎች ለዝርፊያና ለውድመት ተዳርገዋል። ከዚያ በኋላ በጥቂት በቀረ ንብረት የሚሠራ ኃላፊ ቁጥጥሩን ቢያጠብቅ ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም።

ሁለተኛው ወደ ላይ የሚፈስ ሪፖርት ነው። በሲቪል ሰርቪሱ ማሻሻያ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ ቀጥሎም ሚዛናዊ የውጤት ምዘና ሲተገበሩ ዓላማቸው ውሳኔን ወደ ፈጻሚው ማቅረብና ውጤትን መለካት ነበር። በተግባር ግን ከላይ የወረደው ዕቅድ በየሳምንቱ የሚሞላ ቅጽ ይዞ ወረደ። ቀጥሎ የተስፋፋው «1 ለ 5» አደረጃጀትም ለመማማርና ለመደጋገፍ የታሰበ ቢሆንም፣ ተቺዎች እንደሚሉት በብዙ ቦታ ሌላ የመከታተያ እርከን ሆኗል። የወረዳው ኃላፊ ለዞን፣ ዞኑ ለክልል በማንኛውም ሰዓት ቁጥር ማቅረብ ካለበት፣ ባለሙያውን በየሰዓቱ መጠየቁ የማይቀር ነው። ብዙ ጊዜ ተቆጣጣሪው ራሱ በቁጥጥር ሥር ያለ ሰው ነው።

ሦስተኛው የቃላቱ መደባለቅ ነው። በሰነዶቻችን ውስጥ «ድጋፍና ክትትል» የሚለው ሐረግ እንደ አንድ ቃል ይነገራል። ድጋፍ ሠራተኛው የጎደለውን ማሟላት ነው፤ ክትትል የሥራውን ሂደት ማወቅ ነው፤ ቁጥጥር ደግሞ ከደንብ መውጣትን መከላከል ነው። ቼክሊስት ይዞ ወደ ጤና ኬላ የሚሄድ ቡድን መዝገቡ መሞላቱን አይቶ፣ የጎደለውን መድኃኒት ሳያሟላ ቢመለስ የሠራው ቁጥጥር ነው፤ በሪፖርቱ ላይ የሚሰፍረው ግን «ድጋፍ ተደርጓል» የሚል ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውልን የሚያየው ሠራተኛው በአሠሪው መሪነት የሚሠራበት ግንኙነት አድርጎ ነው። ሠራተኛው በውሉና በሥራ ደንቡ መሠረት የሚሰጠውን ትእዛዝ የመፈጸም፣ አሠሪው ደግሞ የሠራተኛውን ሰብአዊ ክብር የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው። ስለዚህ መመሪያ መስጠት የአሠሪው መብት ነው፤ ሠራተኛው ደቃቅ ቁጥጥርን በሕግ ክርክር ሊያስቀር አይችልም። መፍትሔው በአብዛኛው በአሠራር ስምምነት የሚገኝ ነው።

4. የስፌት መስመሩና ቢሮው

ቁጥጥር ሁሉ ጎጂ ነው ማለት ስህተት ነው። በመድኃኒት እደላ፣ በጥሬ ገንዘብ፣ በከፍተኛ ግፊት በሚሠራ ቦይለር ላይ ዝርዝር መመሪያና ድርብ ማረጋገጫ ሕይወትና ንብረት ያድናሉ። አዲስ ተቀጣሪም የቅርብ ክትትል ያስፈልገዋል። ጥያቄው ቁጥጥሩ የስህተቱን ክብደትና የሠራተኛውን ልምድ ይከተላል ወይስ ለሁሉም አንድ ነው የሚለው ነው።

በልብስ ስፌት ፋብሪካ ሥራው በመስመር የተከፋፈለ ነው። አንዷ ኦፕሬተር ኮሌታ፣ ሌላዋ እጅጌ ትሰፋለች፤ የሰዓቱ ኢላማ ይታወቃል፤ ላይን ሊደሩና የጥራት ተቆጣጣሪው በቅርብ አሉ። እዚህ ላይ የስፌቱን ዓይነት ለሠራተኛዋ ምርጫ መተው አይቻልም፤ ገዢው የወሰነው ነውና። ሊተው የሚችለው ግን ብዙ ነው፦ ጉድለት ስታይ የማስቆም መብት፣ የመቀመጫዋንና የዕቃዋን አቀማመጥ የማስተካከል ነጻነት፣ ከባልደረባዋ ጋር የሥራ ቦታ የመለዋወጥ ዕድል። በጃፓኑ ቶዮታ ማንኛውም ሠራተኛ ችግር ሲያይ ገመድ ስቦ መስመሩን ማስቆም መቻሉ የታወቀ ነው። በአገራችንም ካይዘን በ30 ድርጅቶች ከተሞከረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል። የካይዘን ዋና ሐሳብ ችግሩን በቅርብ የሚያውቀው ሠራተኛው ነው የሚል ነው። የካይዘን ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ሳለ ሐሳብ ያቀረበችው ሠራተኛ «ሥራሽን ሥሪ» ከተባለች ግን ሰሌዳው ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ብላትማንና ዴርከን (እ.ኤ.አ. 2018) በኢትዮጵያ በአምስት ድርጅቶች ባካሄዱት ጥናት፣ የፋብሪካና መሰል ሥራ ዕድል ካገኙት መካከል ሲሶ የሚጠጉት በመጀመሪያው ወር፣ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ለቀዋል። ዝቅተኛ ክፍያና የጤና ጠንቅ ለዚህ ዋና ምክንያቶች ሆነው የሚታዩ ሲሆን፣ ቁጥጥርን ብቻውን ተጠያቂ ማድረግ ትክክል አይሆንም። ሆኖም በደመወዝ ብዙ መጨመር የማይችል ድርጅት በአክብሮትና በመወሰን ዕድል ሊጨምር የሚችለውን መመርመሩ ተገቢ ነው።

በቢሮ ሥራ ደግሞ ማስረጃው ይበልጥ ግልጽ ነው። ራሱልና ሮገር (እ.ኤ.አ. 2018) በናይጄሪያ ፌዴራል መንግሥት ከ4,700 በላይ ፕሮጀክቶችን መርምረው፣ ባለሙያዎች ሰፋ ያለ ነጻነት ባላቸው መሥሪያ ቤቶች ፕሮጀክቶች ይበልጥ እንደሚጠናቀቁ፣ የማበረታቻና የክትትል አሠራር በጠበቀባቸው ግን እንደሚቀንስ አግኝተዋል። በፓኪስታን ፑንጃብ ባንዲዬራና ባልደረቦቿ (እ.ኤ.አ. 2021) ባካሄዱት የመስክ ሙከራ፣ የግዥ ሠራተኞች ሰፋ ያለ የመወሰን ሥልጣን ሲሰጣቸው መሥሪያ ቤቶቹ የሚከፍሉት ዋጋ ጥራት ሳይጓደል በ9 በመቶ ያህል ቀንሷል። ጥቅሙ የጎላው ግን ተቆጣጣሪው ቢሮ ራሱ ጉዳይ በሚያጓትትበት ቦታ ነበር። ስለዚህ ነጻነት የሚሰጠው ጥቅም በተቆጣጣሪውም ጥራት ላይ ይወሰናል፤ በፍጥነትና በቅንነት የሚመረምር አለቃ ባለበት ቦታ ለውጡ አነስተኛ ሊሆን ይችላል።

5. የሥራ ነጻነትን በደረጃ ማስፋት

የደቃቅ ቁጥጥር ምንጭ የአለቃው ስጋት ከሆነ «እመኑኝ» ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም። አለቃው ለአንተ ስህተት በስሙ ይጠየቃል። ከላይ ከቀረበው ትንተና አራት ተግባራዊ እርምጃዎች ይመነጫሉ።

አንደኛ፣ ውሳኔዎችን መለየት። ሠራተኛው የሥራ ዝርዝሩን ወስዶ ጉዳዮቹን በሦስት ይከፍላል፦ ራሱ የሚወስናቸው፣ ወስኖ የሚያሳውቃቸው እና አስቀድሞ ፈቃድ የሚጠይቅባቸው። ለምሳሌ በአንድ የሥልጠና ክፍል የስብሰባ ማስታወቂያ በመጀመሪያው፣ የሥልጠና ቀን ማሸጋሸግ በሁለተኛው፣ በጀት የሚነካ ወይም ሌላ ተቋምን የሚመለከት ጉዳይ በሦስተኛው ይመደባል። አብዛኛው ግጭት የሚነሣው ሁለቱ ወገኖች አንዱን ጉዳይ በተለያየ ምድብ ስለሚያዩት ነው።

ሁለተኛ፣ ከመጠየቅ በፊት ማሳወቅ። አለቃው በየሰዓቱ የሚጠይቀው መረጃው በእጁ ስለሌለ ከሆነ፣ አስቀድሞ የሚደርሰው አጭር መረጃ ጥያቄውን ይቀንሳል። ጥያቄውም በአክብሮትና በተወሰነ ነገር ላይ ቢቀርብ ይመረጣል፦ «የሳምንቱን አፈጻጸም ዘወትር ሐሙስ ከሰዓት በፊት አቀርብልዎታለሁ። በመካከሉ በጀት የሚነካ ጉዳይ ካልገጠመኝ በቀር ሥራውን በራሴ ብቀጥል ይፈቅዱልኛል?» ይህ አቀራረብ ለአለቃው የሚፈራውን ነገር በስሙ ይጠራለታል፤ ሊቀበለው የሚችለውንም ወሰን ያሳየዋል።

ሦስተኛ፣ በአንድ ሥራና በተወሰነ ጊዜ መሞከር። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመጠየቅ ይልቅ አንድ ሥራ ለአንድ ሩብ ዓመት ያለ ቅድመ ፊርማ እንዲሠራ ማድረግና ውጤቱን አብሮ መመልከት ይሻላል። ይህ ስትሪክላንድ ካሳየው ወጥመድ መውጫ ነው፤ ክትትል በሌለበት የተሠራ ሥራ ካልታየ እምነት የሚቆምበት ማስረጃ የለምና። በሙከራው ጊዜ ስህተት ቢፈጠር መጀመሪያ ለአለቃው የሚነግረው ሠራተኛው ራሱ መሆን አለበት። ስህተቱን ከሌላ ሰው አፍ የሰማ አለቃ ወደ ቀድሞው ቁጥጥር መመለሱ አያስደንቅም።

አራተኛ፣ ስምምነቱን በጽሑፍ ማስፈር። በመሥሪያ ቤቶቻችን ኃላፊ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። በቃል የተገኘ ነጻነት ከሰጪው ጋር ይሄዳል፤ በቃለ ጉባኤ ወይም በማስታወሻ የሰፈረ ግን በፋይል ይቀራል።

እነዚህ ሁሉ ግን ሸክሙን በሠራተኛው ላይ ብቻ የሚጥሉ ከሆነ ፍትሐዊ አይሆኑም። ሐሳብ በማቅረቡ «አስቸጋሪ» ተብሎ በምዘናው የሚጎዳ ሠራተኛ ዝምታን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ስለዚህ ተቋሙ የፊርማ ሥልጣንን በጽሑፍ ውክልና እስከ ባለሙያው ማውረድ፣ ከእያንዳንዱ ሰነድ ቅድመ ምርመራ ይልቅ በናሙና የሚደረግ ድኅረ ምርመራን ማጠናከር፣ መዘግየትንም እንደ ጉድለት መመዘን ይኖርበታል። ቅሬው የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፦ ደንቡ ቀድሞ ይታወቃል፤ ሥራው ይሰጣል፤ ሒሳቡ በኋላ ይጠየቃል።

6. ማጠቃለያና ለቀጣይ ጥናት የቀረበ ሐሳብ

ጽሑፉ በመስክ በተሰበሰበ መረጃ ላይ ያልተመሠረተ መሆኑ ዋና ውስንነቱ ነው፤ የናይጄሪያና የፓኪስታን ግኝቶችም በቀጥታ ወደ ደቡብ ወሎ ሊተላለፉ አይችሉም። ሆኖም መረጃው ሩቅ አይደለም። በእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ የገቢና የወጪ ደብዳቤ መዝገቦች ቀን ተጽፎባቸው ተቀምጠዋል። አንድ ጉዳይ ከገባበት ቀን እስከ ወጣበት ቀን ያለውን ጊዜና ያረፉበትን ፊርማዎች ብዛት ማነጻጸር፣ ውክልና ባላቸውና በሌላቸው የሥራ ክፍሎች መካከል ልዩነት መኖሩን ሊያሳይ ይችላል። በኮምቦልቻ ፋብሪካዎችም ሠራተኛ መስመር የማስቆም መብት ያለበትንና የሌለበትን መስመር በጉድለት መጠንና በለቃቂዎች ቁጥር ማነጻጸር ይቻላል። ሁለቱም ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚመጥኑ ናቸው።

በመግቢያው የተነሣው ጥያቄ ቁጥጥር የሠራተኛውን ድክመት ይከተላል ወይስ ይፈጥራል የሚል ነበር። ከቀረቡት ጥናቶች አንጻር መልሱ ሁለቱም ነው፤ አንዱ ሌላውን እየመገበ ይዞራል። ዙረቱን ለመስበር አለቃው ያላየውን ሥራ መቀበልን፣ ሠራተኛውም ማንም የማያየውን ሥራ አሳምሮ መሥራትን መጀመር አለባቸው። ከሁለቱ የመጀመሪያውን እርምጃ መውሰድ የሚቀልለው ሥልጣን ላለው ነው፤ ሠራተኛው ግን እስከዚያ ድረስ ረቂቁን በጥንቃቄ መጻፉን ሊያቋርጥ አይገባም።